የረቡዕ ጥያቄ

የያዙኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ናይሮቢ ካሳራኒ፣ የተከራየሁበት ሕንፃ ደረጃ ላይ፣ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አንደኛው ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ በእንግሊዝኛ "አንተ ነህ?" አለኝ። ነኝ አልኩ። "ዳቦህን አስገባና እንሂድ" አለ። ትሕትናው ገረመኝ። ቁልፉ አልገባ ስላለኝ ከረጢቱን በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥዬው ተከተልኳቸው።

ጥፋቴን የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔ ግን አላጣሁትም። በዚያ ሰሞን ከአገር ቤት አንድ ትልቅ እንግዳ ናይሮቢ ይመጣ ነበር። እኛ፣ መቶ የማንሞላ ሰዎች፣ አገር ቤት የታሰሩ ወዳጆቻችን ስም የታተመበት ነጭ ቲሸርት ለብሰን መሃል ከተማ ለአንድ ሰዓት ዝም ብለን ልንቆም ነበር። መፈክር እንኳ አልነበረንም። እኔ እዚህ ላቪንግተን ያለ አንድ የዕርዳታ ድርጅት ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ፤ አገር ቤት ግን አሥራ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። የሚቆሙትን ሰዎች ማን ይመዝግብ ሲባል ደብተር ይዤ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ስም መጥራት ከድሮም ደስ ይለኛል። ያ ዝርዝር በገዛ እጅ ጽሕፈቴ እንደተጻፈ እነሱ እጅ ገባ።

የወሰዱኝ ወደ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። የክፍሉ ግድግዳ እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ደግሞ ድሮ ነጭ የነበረ ነገር ነው። ከጣሪያው ሥር ክንድ የማታስገባ መስኮት አለች። ጥጉ ላይ ባልዲ ተቀምጧል። በረኪና እና ሽንት ተቀላቅሎ ዐይን ያቃጥላል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ግን ቅዝቃዜው ከታች ወደ ላይ አጥንት ለአጥንት ይወጣል። እስከ ማታ ስምንት ሆንን፤ ስምንታችንም ሀበሾች።

እኛ ሰዎች ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ከተዘጋብን መጀመሪያ የምናደርገው ነገር ስብሰባ ነው። በዚያው ምሽት ካቦ፣ የክፍሉን አለቃ፣ መረጥን። የተመረጠው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አገር ቤት ሁለት ጊዜ ታስሮ ስለሚያውቅ የእስር ቤት ሕግ በቃሉ ነበር። ማን ግድግዳ ሥር እንደሚተኛ፣ ባልዲውን ማን እንደሚደፋ፣ ከውጭ የመጣ ምግብ እንዴት ለሁሉም እንደሚከፋፈል እሱ ደነገገ። ጥሩ ካቦ ነበር። ሲቆጣ እንኳ ያስቃል።

ጠባቂዎቹን እንደ አገሩ ሰው አስካሪ ነው የምንላቸው። እሑድ ጠዋት አስካሪው በሩን ሲከፍት ሁላችንም ባንዴ ተንጫጫን፤ አንዱ ስልክ፣ አንዱ ጠበቃ፣ አንዱ ውሃ፣ አንዱ የራስ ምታት ክኒን። አለቃቸው መጥቶ አየንና የውሃ ጀሪካናችንን አስወሰደው። እስከ ከሰዓት በኋላ ውሃ አልነበረንም። ሹፌሩ በዚያ ቀን ሕግ አወጣ፤ ከእንግዲህ በቀን አንድ ጥያቄ፣ በአንድ አፍ። ተራው በዕጣ ይሁን ተባለ። ዕጣውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከሲጋራ ፓኮ በተቀደደ ወረቀት ላይ ከሰኞ ጀምሬ ስማችንን ደረደርኩት። ረቡዕ የእኔ፣ ሐሙስ የሐጂ ሆነ። ዝርዝሩ ሲያምርልኝ፣ አይ እኔ፣ ደስ አለኝ።

ሐጂ ኢስትሊ ሰፈር መጋረጃ የሚነግዱ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ለሰልፍ የሚሆን ጉልበት የለኝም ብለው ነበር፤ ግን ስብሰባ እንድንሰበሰብ መጋዘናቸውን ከፍተውልን ነበርና አልቀረላቸውም። ሐሙስ የሚጠይቁትን ሁላችንም እናውቃለን። አርብ የሴት ልጃቸው ኒካሕ፣ የጋብቻ ውሏ፣ ነው። አባት ካልተገኘ በስልክ ለሌላ ሰው ውክልና መስጠት አለባቸው። አንድ የሁለት ደቂቃ ስልክ ብቻ ነው የሚፈልጉት። በቀን ሦስቴ "ሐሙስ ስንት ቀን ቀረው መምህር?" ይሉኝና መልሴን ሳይሰሙ በጣታቸው ይቆጥራሉ።

ዘጠነኛው ሰው የመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አርባ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ከሲታ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ከትንሽ የእንጨት መስቀል ጋር፣ እግሩ ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ በነጠላ ጫማ። ሹፌሩ ከአስካሪው ሰምቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ቲሸርቱን ያተመው ሰውዬ ነው" አለኝ። ያዘዝነው በስልክ ስለነበር መልኩን ማናችንም አናውቀውም። ከእኛ ጋር ሊቆም ያሰበ ሰው አልነበረም። ሥራ መጣለት፣ ሠራ፤ በዚያው ለቀሙት።

"እንኳን ደህና መጣህ ይባላል እዚህ ቤት?" አለው ሹፌሩ እየሳቀ። ሰውዬው ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ደህና ነኝ፤ ትንሽ እግሬን ነው" አለና ጥጉን ይዞ ተቀመጠ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከአፉ የሰማሁት ይህንኑ ብቻ ነው። ማንም ያልጠየቀውን ነበር የመለሰው። እግሩን ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አንድ አፍ በቂ ነበር፤ ከስምንታችን ጠፋ።

ሰኞ ማታ አተኮሰው። ማክሰኞ ተነሥቶ መቀመጥ አቃተው፤ የቀረበለትን ኡጋሊ፣ የበቆሎውን ገንፎ፣ ነካክቶ ተወው። ቀትር ላይ ክፍሉ መሽተት ጀመረ። ካልሲው ነው ተባለ። ሹፌሩ አፍንጫውን ይዞ "ኧረ ጎበዝ፣ ይሄን ሰውዬ ወደ ባልዲው እናስጠጋው፤ ሽታ ከዘመዱ ጋር ይዋል" አለ። ተሳቀ። እኔ ብብቱን፣ ሌላው ወገቡን ይዘን ጎተትነው። ስንጎትተው የግራ እግሩ ካልሲ ወለሉ ላይ ተያዘና እስከ ጣቶቹ ድረስ ወረደ። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አባቴ ስኳር ነበረበት። ሦስት ዓመት እግሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያንን ቀለም ዐውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ጥቁር። ያንን ሽታም ዐውቀዋለሁ፤ የካልሲ ሽታ አይደለም። ሐኪም ቤት በር ላይ ስንት ቀን ወረፋ ጠብቄበታለሁ! የእኔ ቢጤ ይሄን አይቶ አላየሁም ሊል አይችልም። ታዲያ ምን አደረግኩ? ካልሲውን ቀስ ብዬ ወደ ላይ መልሼ ሳብኩለት። ቅዝቃዜ እንዳይነካው ያሰብኩለት ይመስላል፤ ለምን እንደሆነ ግን ሆዴ ያውቃል። በማግሥቱ ረቡዕ፣ የእኔ ተራ ነበር።

ያን ሰሞን ክፍላችን ውስጥ አንድ ወሬ ገብቶ ነበር። አርብ አውቶቡስ መጥቶ ሁላችንንም ሞያሌ ወስዶ ድንበር ላይ ያስረክበናል የሚል። ማን እንዳመጣው አላውቅም። እኔ ግን አመንኩት። ዝርዝሩ በእጄ የተጻፈ ነው፤ ድንበሩን ከተሻገርኩ የሚጠብቀኝን ዐውቃለሁ። የድርጅታችን ጠበቃ ስልክ ቁጥሩ በቃሌ ነበር። ረቡዕ ከደወልኩለት ሐሙስ ፍርድ ቤት ይደርሳል ብዬ አሰላሁ። ቀኑን ሙሉ ያንን ቁጥር በልቤ ስደግም ዋልኩ፤ እንቅልፍ ወስዶኝ እንኳ ምላሴ ሲንቀሳቀስ ይሰማኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሻይ ሳይመጣ ሐጂ ተነሡና የክፍሉን ሰው ሁሉ ጠሩ።

"ጀመዓ፣ የዛሬዋን ጥያቄ ለዚህ ሰውዬ እንስጣት" አሉ። "ይታከም እንበል።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ተራው የእኔ ነዋ። ሹፌሩ ሁለታችንንም እያየ ራሱን አከከ።

"ቲቸር፣ ሳይንሱን የምታውቀው አንተ ነህ" አለኝ። "እስቲ እየውና ፍረድ። ለነገ ይደርሳል አይደርስም?"

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ሐኪም አይደለሁም ማለት ይቻል ነበር። ወይም ደግሞ እንደ ወንድ "ተራዬን አልሰጥም፣ ፈርቻለሁ" ማለት ይቻል ነበር፤ ይህን ብል ኖሮ ዛሬ ይሄን ያህል አላፍርም። እኔ ግን ብድግ አልኩና ማስተማር ጀመርኩ። ስምንተኛ ክፍል የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ለተማሪ የማስጨብጠውን፣ ሕይወት ያለው ነገር ሕይወት ከሌለው በምን ይለያል የሚለውን፣ በጣቴ እየቆጠርኩ አመጣሁት። ስንት ዓመት በዚህ አርእስት ፈተና አውጥቻለሁ! "ሕይወት ምንድን ነው?" ብዬ ጠይቄ፣ ሰባቱን በቅደም ተከተል የጻፈልኝን ልጅ ሙሉ ማርክ ሰጥቼ አሰናብቻለሁ።

"አንደኛ፣ ይተነፍሳል?" አልኩ። ደረቱን አሳየኋቸው። ይተነፍሳል።

"ይንቀሳቀሳል? ሌሊቱን ሙሉ ሲወራጭ አድሯል። ይመገባል? ትናንት ሁለት ጉርሻ በልቷል።"

"ያስወግዳል ወይ?" ስል ሹፌሩ "ለእሱማ አፍንጫችን ይመስክር!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቃቸው ሞቅ አደረገኝ። ከገባን ጀምሮ እንደዚያ ተስቆ አያውቅም ነበር።

"ያድጋል? ጺሙን እዩት፤ እሑድ ሲገባ እንዲህ አልነበረም። ይራባል?"

"እዚህ ከማን ጋር ብሎ!" አለ ሹፌሩ፤ አንዱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"ሰባተኛ፣ ለአካባቢው ምላሽ ይሰጣል?" ጎንበስ ብዬ ጆሮውን ቆንጠጥ አደረግኩት። አንድ ዐይኑን ከፈተ። አየኝ። ከዚያ መልሶ ከደነው።

"ይኸው!" አልኩ ቀና ብዬ። "ሰባቱም ተሟልቷል። ሕይወት አለው። ለነገ ይደርሳል።"

ሐጂ አልሳቁም። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው አዞሩት። "መምህር፣ ይሄን ይሄንማ ፍየሌም ታደርገዋለች" አሉኝ። "እኔ የጠየቅኩህ ስለ ሰውዬው ነው።"

ሹፌሩ አዳነኝ፤ "በቃ ሐጂ፣ ሕግ ሕግ ነው፣ የዛሬው የቲቸር ነው" አለ። ሻይ ሲመጣ ወደ በሩ ሄጄ ጥያቄዬን አቀረብኩ። እኩለ ቀን ላይ ጠሩኝ። ጠበቃው ስልኩን አላነሣም። ሁለተኛ ስሞክር አንዲት ሴት አንሥታ ችሎት ላይ ነው፣ እነግረዋለሁ አለች። ጠቅላላው አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ሁሉም ዐይን ዐይኔን አየኝ። "ይመጣል፤ ነገ ይመጣል" አልኩ። ዐይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። ጠበቃው ዛሬም ድረስ አልመጣም።

ሐጂ ጠዋት ጠዋት የሚያደርጉት ነገር ነበር። የሽርጣቸውን ጫፍ በውሃ ያርሱና የሰውዬውን ፊት፣ ዐይኑን፣ ከጆሮው ኋላ ሳይቀር ያብሱለታል። ከዚያ ሰላምታ ይጀምራሉ። "እንዴት አደርክ? ደህና አደርክ ወይ? ሰውነትህ እንዴት ነው? ቤተሰብ እንዴት ነው? ልጆችህ ደህና ናቸው?" ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ለመልስ የሚበቃ ጊዜ ይጠብቃሉ። መልስ የለም። "አልሐምዱሊላህ" ብለው በእሱ ፈንታ ይመልሱና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ማክሰኞ ዕለት ይሄ ነገር ነርቬን ነክቶት "ሐጂ፣ አይሰማም እኮ፤ ለምን ይደክማሉ?" ብያቸው ነበር። "መጠየቁ የእኔ ነው ልጄ" አሉኝ፤ አልተቆጡም።

ሐሙስ ጠዋት እንደልማዳቸው ፊቱን አብሰው ጠየቁት። ሲጠይቁት ሁልጊዜ ሽፋሽፍቱ ትንሽ ትርገበገብ ነበር፤ እኔም አይቼዋለሁ። ያን ቀን አልተርገበገበችም። ሐጂ ሁለተኛ ጠየቁት። ከዚያ ተነሥተው፣ የአንድ እግር ጫማቸውን አውልቀው የብረት በሩን ይቀጠቅጡት ጀመር። እሳቸውን ተከትሎ ሹፌሩ፣ ከዚያ ሁሉም። እኔም ደበደብኩ። መዳፌ እስኪላጥ ደበደብኩ። እንደዚያ አድርጌ መደብደብ ከቻልኩ ረቡዕ እጄ የት ነበር?

አስካሪው እየተራገመ መጣ። ሐጂ "የዛሬዋ ጥያቄ የእኔ ናት" አሉን ወደ እኛ ዞረው፤ ከዚያ በስዋሂሊያቸው ለአስካሪው ስለ ሰውዬው ነገሩት። ስለ ኒካሑ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አስካሪው ገብቶ ሰውዬውን በባትሪ አየው፤ ካልሲውን በዱላው ጫፍ ገለጥ አድርጎ ወዲያው ፊቱን አዞረ። ሆስፒታል ለመላክ ኃላፊነት የሚፈርም ዘመድ ያስፈልጋል አለ።

"ንዱጉ ያኬ ናኒ?" ብሎ ጮኸ። ወንድሙ ማነው፣ ዘመዱ ማነው ማለቱ ነው።

ስሙን እንኳ የምናውቅ ሰዎች አልነበርንም።

"ሚሚ" አሉ ሐጂ። እኔ ነኝ። "ወንድሜ ነው።"

አስካሪው የሰውዬውን የእንጨት መስቀል አየ፤ የሐጂን ኮፍያ አየ። ብዙ አሰበ። "ሳዋ"፣ እሺ፣ አለና ወረቀቱን ሰጣቸው። ሐጂ በዐረብኛ ፊደል ፈረሙ።

በብርድ ልብስ ይዘን ልናወጣው ስንል ሐጂ አስቆሙን። የሸሚዙን ቁልፎች ከታች እስከ ላይ አንድ በአንድ ቆለፉለት። ጺሙን በጣታቸው አበጠሩለት። ሽርጣቸውን ፈተው እግሩን ሸፈኑበትና ራሳቸው በውስጥ ሱሪ ቀሩ። "ሰው ፊት ነው የሚወጣው" አሉ። ከዚያ አራት ሆነን ይዘነው እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄድን። ብርድ ልብሱን ከያዙት አራቱ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ በግራ እግሩ በኩል።

አርብ አውቶቡስ አልመጣም። አውቶቡስ የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም። እንግዳው መጥቶ ሄደና በተከታዩ ማክሰኞ አንድ በአንድ፣ ያለ አንዳች ቃል፣ በሩን ከፍተው ለቀቁን። የታሰርኩት አሥራ አንድ ቀን ነው። ከእኔ በላይ ዓመታት የታሰሩ ወዳጆች አሉኝና እስር ቤት ነበርኩ ማለትም ያሳፍረኛል። አልተገረፍኩም፣ አልተሰደብኩም። እዚያ ውስጥ የተፈጸመውን ክፉ ነገር ስቆጥር ዋናውን የሠራሁት እኔ ሆኜ አገኘዋለሁ።

ከወራት በኋላ ኢስትሊ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ኒካሑ በአንድ ወር ተላልፎ በሰላም አልቋል። መጋረጃ እየለኩ ነበር የሚያወሩኝ። ሰውዬው ተርፏል፤ ግን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል። "አንድ ቀን ቀድማችሁ ብታመጡት ጣቶቹን ብቻ ነበር አለ ሐኪሙ" አሉኝ። ሜትሩን ጠቅልለው አስቀመጡ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። የሰውዬውን ስልክ ሰጡኝ። ቤቱ ካሳራኒ ነው፤ ከእኔ ቤት በማታቱ ሦስት ፌርማታ።

ሦስት ፌርማታውን ለመሄድ አምስት ወር ፈጀብኝ። አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ብርቱካን ገዝቼ ደረጃውን ወጣሁ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። ማንነቴን ስነግራት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ውይ በሞትኩት! ቲቸር እርስዎ ነዎት? ይግቡ ይግቡ! እሱ እኮ እርስዎን አንሥቶ አይጠግብም!"

አንዲት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። "ማሚ፣ ሁዩ ንዲዬ ቲቸር? ያ ዳዲን ያዳነው?" ብላ ስዋሂሊ ቀላቅላ ጠየቀች፤ ቲቸር ማለት እሱ ነው ወይ ማለቷ ነው። ይራባል ወይ ብለን ስንስቅ እቺ ልጅ ነበረች። ስታድግ አባቷን እንደምትመስል ታስታውቃለች።

ሰውዬው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ኳስ ያያል። ምርኩዙ አጠገቡ ተደግፏል። ወፍሯል፣ ፊቱ ጠርቷል። ቆሞ ካልሳምኩህ ብሎ ታገለኝ፤ ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት። ሚስቱ ምሳ አቀረበች። እያቀረበች ታወራለች። የስኳር መድኃኒቱን ይዛ ሦስት ቀን ጣቢያው በር ላይ ቆማ እንዴት እንደመለሷት፣ እንዴት እንዳለቀሰች። "እሱ ሲነቃ 'ቲቸር የሚባል ሰው ነው መጀመሪያ እግሬን ያየው፤ የራሱን ተራ ትቶልኝ በሩን ያስደበደበው እሱ ነው' አለኝ። እኔ እኮ የት ብዬ አገኝዎታለሁ? በጸሎቴ ብቻ ነው የማነሣዎት። ነፍሱን ያተረፉልን እርስዎ ነዎት።"

ወደ እሱ ዞርኩ። ኳሱን ያያል።

እዚያች ቅጽበት ላይ ዝም ብዬ በልቼ፣ ተመርቄ መውጣት እችል ነበር። ግን አሥራ አንድ ወር አንቆ የያዘኝ ነገር አፌ ላይ ደረሰ። ሐቀኛ መሆን አማረኝ።

"እህቴ" አልኳት፤ "እኔ አይደለሁም።"

አንዴ ከተከፈተ አፌ አልዘጋ አለ። ካልሲውን ነገርኳት። የአባቴን እግር ነገርኳት፤ አይቼ፣ ዐውቄ ዝም ማለቴን። ወደ ባልዲው መጎተታችንን። ረቡዕን። እንዴት እንደቆጠርኩ፣ እንዴት እንደተሳቀ። ሐኪሙ አንድ ቀን ቀድሞ ቢሆን ያለውንም አልተውኩም። ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ አስቀመጠች፣ ልጅቷን በእጇ ያዘችና ወደ ኩሽና ገባች። የቧንቧው ውሃ ሲለቀቅ ይሰማል። ብዙ ፈሰሰ።

ሰውዬው ሪሞቱን አንሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

"ሰምቼህ ነበር እኮ" አለኝ ዝግ ብሎ።

"ምኑን?"

"ሰባቱንም። አፌ አልታዘዝ አለኝ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነበር። እንዲያውም እዚህ ከማን ጋር ብሎ ሲል ሳቄ መጥቶ ነበር፤ አቅም አጣሁ።"

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። "ታዲያ ለምን እንደዚያ ብለህ ነገርካት?" አልኩት።

የታጠፈውን የሱሪ እግር በእጁ አስተካከለ። "ሆስፒታል ስነቃ እንባዋ ሊቆም አልቻለም" አለ። "'ከእነማን ጋር ነበር የጣሉህ? እንዲህ እስክትሆን የሚያይ ጠፋ?' አለችኝ። ምን ልበላት? ሰው መሀል ነበርኩ አልኳት። የዚያን ቀን ነው እንቅልፍ የወሰዳት።" ወደ ኩሽናው በር አየ። "እዚህ አገር ያላት ይሄው የእኛው ሰው ነው፤ ስትታመም የሚመጣላት፣ ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላት። ሁሉንም በየፊቱ እያየች አንተስ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር እያለች እንድትኖር አልፈለግኩም።"

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አልኩት።

"ዐውቃለሁ" አለ። "ለብቻዬ ብትጠይቀኝ ጥሩ ነበር።"

ሚስቱ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። ዐይኗ ቀልቷል። ድስቱን አነሣች፤ ይዛው የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ሳህኔ ላይ ጨመረችልኝ። ከእሱም በፊት ለእኔ ነው የጨመረችው። "ይብሉ እንጂ፣ ቀዝቅዞ የለ" አለች፤ ድምፅዋ አልተሰበረም። እንግዳዋ ነበርኩና በቤቷ ተርቤ እንድወጣ አልፈቀደችም። በላሁ። ሁሉንም ጠርጌ በላሁ። ሳታየኝ በሩን ከፈተችልኝ፤ ሳታየኝ ሸኘችኝ።

ያን ቀን በማታቱ አልተሳፈርኩም፤ በእግሬ ነው የተመለስኩት። መንገዱ ዳር ልብስ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፣ በቆሎ ይጠበሳል። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ተከፍቶ ተነፈስኩ። ተናገርኩ፣ ወጣልኝ፣ ሰው ሆንኩ አልኩ በልቤ። እንዲያውም መንገድ ላይ ቆሜ አንድ በቆሎ ገዝቻለሁ።

አሁን በየበዓሉ እደውላለሁ። የምታነሣው እሷ ናት። "ይኸው እሱ" ብላ ስልኩን ታቀብለዋለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። እሱ ደህና ነኝ ይለኛል። ጎረቤት ቤት መሄድ እንደተወች፣ ልጅቷንም ራሷ እንደምታደርሳትና እንደምታመጣት ባለፈው ነገረኝ፤ ቅሬታ አልነበረበትም፣ እንዲሁ ወሬ ሲያልቅብን ነው ያነሣው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ያ እሑድ ነው። የእግሩን ነገር ፈርቼ ነበር የሠራሁት፤ ለፍርሃቴ ምክንያት አለኝ። ለዚያ ለእሑዱ ግን ምን እላለሁ? እሷ ኩሽና ውስጥ ፊቷን እየታጠበች፣ እኔ ቀሎኝ ነበር።